አምብሯዝ ፓሬ፤ መድኃኒትን የፈተነ የጦር ሜዳ ወጌሻ

በጦር ሜዳ የቆሰለ ወታደር ዛሬ ከሐኪም እጅ ሲገባ ምን እንደሚደረግለት ያውቃል። ደሙ እንዲቆም ይደረጋል፤ ቁስሉ ይታጠባል፤ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በንጹሕ ፋሻ ይታሰርለታል። እኛም በጦር አካዳሚ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ስንከታተል ይህ ሁሉ ከጥንት ከመሠረቱ እንዲሁ የነበረ ይመስለን ነበር እንጂ፣ እያንዳንዱ ነገር በአንድ ወቅት አንድ ሰው ተጠራጥሮ፣ ፈትኖና አወዳድሮ ያገኘው መሆኑን አላሰብነውም። ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት በአውሮፓ በጥይት የተመታ ወታደር ከጠላቱ አረር ይልቅ የገዛ ወገኑን ወጌሻ ቢፈራ የሚፈረድበት አልነበረም። የወጌሻው መድኃኒት የፈላ ዘይትና የጋለ ብረት ነበርና።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንተርከው ዘይቱንም ብረቱንም በተራ የጣለውን የፈረንሳዊውን የአምብሯዝ ፓሬን የሕይወት ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲረዱልን እናሳስባለን።

ፓሬ የተወለደው በ1510 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በላቫል ከተማ አጠገብ በምትገኝ ቡር ኤርሳን በምትባል መንደር ነው። ከባለጸጋ ወይም ከመሳፍንት ወገን አልነበረም። በዚያ ዘመን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በላቲን ሲሆን፣ ፓሬ ይህን ቋንቋ የመማር ዕድል አላገኘም። ይህም ጉድለት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ባላንጣዎቹ የሚወጉበት ጦር ሆኖ ኖሯል።

የእሱን ታሪክ ለመረዳት የዘመኑን የሐኪሞች የማዕረግ ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ከዩኒቨርሲቲ የወጡት ሐኪሞች ነበሩ። እነዚህ የሂፖክራተስንና የጋለንን መጻሕፍት ይዘው ይመክራሉ፣ ያዝዛሉ እንጂ እጃቸውን ከደም አያገናኙም። ከእነሱ ዝቅ ብለው በቅዱስ ቆዝሞስ ስም የተቋቋመው ማኅበር አባላት የሆኑት፣ ረጅም ካባ የሚለብሱት ቀዶ ጠጋኞች ይገኛሉ። ከሁሉም በታች ፀጉር ቆራጮቹ ነበሩ። ፀጉር ቆራጩ ጢም ከመላጨት አልፎ እባጭ ያፈርጣል፤ ያግማል፤ ጥርስ ይነቅላል፤ ስብራት ይጠግናል፤ ቁስል ያጥባል። በእኛ አገር ወጌሻውና አጋሚው በየፊናቸው የሚሠሩትን ሥራ አንድ ላይ አጠቃልሎ ይዞ ነበር ማለት ይቻላል። ፓሬም ወደ ሙያው የገባው በዚህ በታችኛው በር ነው።

በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ወደ ፓሪስ ሄዶ ኦቴል ዲዩ በተባለው የድኾች ሆስፒታል ሦስት ዓመት ያህል አገለገለ። በሽተኞች በአንድ አልጋ ላይ ተደራርበው የሚተኙበት ይህ ቤት ለድኻው የሞት ደጃፍ ቢሆንም፣ ለወጣቱ ፀጉር ቆራጭ ግን ዩኒቨርሲቲው ነበር። የቁስል ዓይነት፣ የእባጭ ዓይነት፣ የስብራት ዓይነት በዓይኑ አየ፤ በእጁ ዳሰሰ፤ ሬሳም ከፍቶ ተመለከተ። ከዚያም የሙያ ማዕረጉን ፈተና ገና ሳይወስድ በ1537 ዓ.ም. ወደ ጦር ሜዳ ዘመተ።

የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንስዋ 1ኛ ከንጉሠ ነገሥት ቻርለስ 5ኛ ጋር ይዋጋ ስለ ነበር ሠራዊቱን የአልፕስን ተራራ አሻግሮ በሰሜን ጣልያን ወደምትገኘው ወደ ፒዬሞንት ላከ። በዚያን ጊዜ ለሠራዊቱ የተደራጀ የሕክምና ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። ታላላቅ አዛዦች በግላቸው ወጌሻ ይዘው ይዘምታሉ፤ ተራው ወታደር ደግሞ ከወጌሻው ትርፍ ጊዜ ቢያገኝ ያገኛል፣ ባያገኝም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይባላል። ፓሬ የእግረኛው ጦር አዛዥ የነበረው የሞንቴዣን ወጌሻ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ቀደም በጥይት የተመታ ሰው ቁስል አክሞ አያውቅም ነበር።

ዘመኑ ነፍጥ የጦርነትን መልክ የለወጠበት ዘመን ነው። በእኛም አገር በ1540ዎቹ መጀመሪያ በግራኝ አሕመድና በዐፄ ገላውዴዎስ መካከል የተደረገው ጦርነት ውጤት የነፍጥ ብዛት ብዙ እንደ ወሰነበት ከታሪክ የምናውቀው ነው። ቀስትና ጎራዴ ያቆሰሉትን ለማከም የለመዱት ወጌሾች፣ አጥንት አድቅቆ፣ ሥጋ ቦጫጭቆ፣ የልብስ ቅዳጅ ይዞ የሚገባው የእርሳስ አረር ያደረሰውን ጉዳት ሲያዩ ግራ ተጋቡ። ቁስሉ ቶሎ ይጠቁራል፤ ይሸታል፤ ትኩሳት ያስከትላል። ጆቫኒ ዳ ቪጎ የተባለው የሮማው ሊቀ ጳጳስ የዩልዮስ 2ኛ ቀዶ ጠጋኝ ለዚህ ምክንያት ሰጠ፤ ባሩዱ መርዝ ነው አለ። መርዝ ከሆነ ደግሞ በእሳት መቃጠል አለበት። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ቁጥቋጦ የተዘጋጀ ዘይት፣ ትሪያክ የተባለ ቅመመ ብዙ መድኃኒት ተጨምሮበት፣ እየፈላ በቁስሉ ውስጥ እንዲፈስስ አዘዘ። መጽሐፉ በመላ አውሮፓ ተነበበ፤ ዘይቱም በመላ አውሮፓ ፈላ።

ፓሬ ይህን መጽሐፍ አንብቦታል። ሆኖም የሚያስከትለውን ሥቃይ ያውቅ ስለ ነበር፣ እጁን ከማንሣቱ በፊት ሌሎቹ ወጌሾች ምን እንደሚያደርጉ ዙሮ ተመለከተ። ሁሉም ዘይቱን በተቻለ መጠን እያፈሉ ያፈስሳሉ። እሱም ድፍረት አግኝቶ እንደ እነሱ አደረገ። ቁስለኛው ግን ብዙ ነበር። ምሽጉ ተሰብሮ ውጊያው ካበቃ በኋላ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ገና ሳያልቁ ዘይቱ አለቀ። እንግዲህ ባዶ እጁን የቀረ ወጌሻ ምን ያድርግ? የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፔንታይን አንድ ላይ መታና በቀሩት ቁስለኞች ቁስል ላይ አደረገ። ይህ ለሌላ ዓይነት ቁስል የሚያገለግል የታወቀ ቅባት እንጂ ለጥይት ቁስል የታዘዘ አልነበረም።

በዚያች ሌሊት ፓሬ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በመጽሐፉ ሕግ መሠረት ያልተቃጠሉት ሰዎች ሁሉ በመርዝ ሞተው ሊያድሩ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱም የእሱ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ወደ ቁስለኞቹ ሄደ። ያገኘው ነገር ግን የጠበቀው አልነበረም። በቅባቱ የታከሙት ሕመማቸው ቀሎ፣ ቁስላቸው ሳያብጥና ሳይቀላ፣ ሌሊቱንም በመጠኑ ተኝተው አድረዋል። በፈላ ዘይት የታከሙት ግን ትኩሳት ይዟቸው፣ በቁስላቸው ዙሪያ አብጦ፣ በብርቱ ሕመም ሲሠቃዩ አገኛቸው። ፓሬ ከዚያች ማለዳ ጀምሮ በጥይት የቆሰለን ሰው ዳግመኛ እንዲህ በጭካኔ ላያቃጥል ከራሱ ጋር ቃል ገባ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን አንድ ነገር ማመልከት እንወዳለን። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ የዕድል ታሪክ አድርገው ይተርኩታል። ዘይት ማለቁ ዕድል ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን በነበሩት ጦርነቶች ዘይት ያለቀበት ወጌሻ ፓሬ ብቻ ነበር ብሎ ለማመን ያዳግታል። ልዩነቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሁለቱንም ወገን ጎን ለጎን ማየቱ ላይ ነው። መጽሐፉ ሌላ፣ አልጋው ላይ ያለው ሰው ሌላ ሆነው ሲያገኛቸውም አልጋው ላይ ያለውን አመነ።

በዚሁ ዘመቻ ያየው ሌላ ነገርም ከልቡ አልጠፋም። በአንድ ጋጥ ውስጥ ፈረሱን ሊያሳድር ቢገባ፣ የሞቱ ወታደሮችና ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ፣ ባሩድ ያነደዳቸው፣ የማያዩ፣ የማይሰሙ፣ የማይናገሩ ቁስለኞች አገኘ። አንድ ሽማግሌ ወታደር ቀርቦ እነዚህን ለማዳን መንገድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ፓሬ እንደሌለ ሲነግረው፣ ሽማግሌው ያለ ቁጣ አንገታቸውን በየተራ ቆረጠ። ፓሬ ክፉ ሰው ነህ ብሎ ቢጮኽበት፣ ሽማግሌው እኔም እንዲህ ባለ ሁኔታ ብገኝ እንዲሁ የሚያደርግልኝ ሰው እንዲሰጠኝ እግዚአብሔርን እለምናለሁ አለው። ፓሬ ይህን የጻፈው ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ ነው። ፍርድ አልሰጠበትም፤ እኛም አንሰጥም።

ቱሪን ከተማ ውስጥ በጥይት ቁስል መድኃኒቱ ስሙ የገነነ አንድ ወጌሻ ነበር። ፓሬ ምስጢሩን ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ደጅ ጠና፤ ስጦታም ሰጠ። በመጨረሻ የተገለጠለት ምስጢር በአበባ ዘይት ውስጥ የተቀቀሉ አዲስ የተወለዱ ቡችሎችና ከተርፔንታይን ጋር የተዘጋጁ የምድር ትሎች ሆኖ ተገኘ። አንባቢ ይሥቅ ይሆናል። ፓሬ ግን ደስ አለው፤ ይህም ቅባት እንደ እሱው ሳያቃጥል የሚያለዝብ ነበርና። ሰውየው በሁሉ ነገር ከዘመኑ ቀድሞ ነበር ለማለት እንደማይቻል ከዚህ መረዳት ይበቃል።

ይሁንና ከዚያች ሌሊት የተማረው ትምህርት በአእምሮው ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ የሞንቴዣን የወጥ ቤት ልጅ በፈላ ዘይት ድስት ውስጥ ወደቀ። ፓሬ መድኃኒት ሊገዛ ወደ መድኃኒት ቀማሚ ቤት ሲሄድ፣ እዚያ ያገኛት አንዲት ባልቴት የባላገር ሴት ጥሬ ሽንኩርት ከጨው ጋር ወቅጦ እንዲያደርግበት መከረችው። የዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቢሆን ኖሮ በሴትዮዋ ምክር ይሥቅ ነበር። ፓሬ ግን ሞከረው። በማግሥቱ ሽንኩርት የተደረገበት የገላ ክፍል ውኃ አልቋጠረም፤ ሌላው ግን ቋጥሯል። ጥቂት ቆይቶ የአዛዡ ዘበኛ የነበረ አንድ ጀርመናዊ የባሩድ መያዣው ፈንድቶ ፊቱንና እጆቹን አቃጠለው። ፓሬ በዚህ ጊዜ የሠራው ሥራ የሚደነቅ ነው። በፊቱ ግማሽ ላይ ሽንኩርት፣ በቀረው ግማሽ ላይ የተለመደውን መድኃኒት አደረገ። በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃጠሎ ሁለቱን መድኃኒቶች አወዳደረ። ሽንኩርት የተደረገበት ወገን ሳይቆስልና ሳይላጥ ቀረ። በመጀመሪያው ጊዜ ያወዳደረው የዘይቱ ማለቅ ነበር፤ አሁን ግን ያወዳደረው ራሱ ፓሬ ነው። ዛሬ በትልልቅ ሆስፒታሎች አዲስ መድኃኒት ሲፈተን አንዱን ወገን በአዲሱ፣ ሌላውን በነባሩ እያከሙ ማነጻጸር የተለመደ ሥርዓት ነው። የሽንኩርቱን መድኃኒትነት የዛሬ ሐኪም ላይቀበለው ይችላል፤ የአፈታተኑን መንገድ ግን ይቀበለዋል።

ከዘመቻው ተመልሶ በ1541 ዓ.ም. የፀጉር ቆራጭ ወጌሾችን ፈተና አልፎ ማዕረጉን አገኘ፤ በዚያው ዓመት አገባ። በ1542 ዓ.ም. በፔርፒኛን ከተማ ከበባ ላይ ደግሞ ብሪሳክ የተባለው ታላቅ መኮንን ትከሻው ላይ በጥይት ተመታ። ወጌሾች በየተራ በብረት መፈለጊያ ቢያስሱ አረሩን ሊያገኙት አልቻሉም፤ ወደ ውስጥ ዘልቋል ብለውም ተስፋ ቆረጡ። ፓሬ ቁስሉን ከመንካቱ በፊት መኮንኑ በተመታ ጊዜ ምን ዓይነት አቋቋም እንደ ነበረው ጠየቀ፤ እንደዚያው ሆኖ እንዲቆምና ጦር እንደ ያዘ ክንዱን እንዲዘረጋ አደረገ። ጡንቻው በመመታቱ ጊዜ እንደ ነበረው ሲሆን አረሩ የሄደበት መንገድ ቀጥ አለ፤ ፓሬም ከትከሻው አጥንት በታች ዳስሶ አገኘው። የራጅ መሣሪያ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በ1895 ዓ.ም. እስኪገኝ ድረስ ወጌሾች በዚህ ዘዴ ሲጠቀሙ ኖረዋል።

ያየውን ሁሉ ሰብስቦ በ1545 ዓ.ም. ስለ ጥይት ቁስል አካሄም መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው በላቲን ሳይሆን ጓደኞቹ ፀጉር ቆራጮች በሚያነቡት በፈረንሳይኛ ነው። ባሩዱም ሆነ አረሩ መርዝ አለመሆኑን፣ ማቃጠልም ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያይል አስረዳ።

የፈላው ዘይት ቢቀርም የጋለው ብረት አልቀረም። እጅ ወይም እግር በሚቆረጥበት ጊዜ ደሙን ለማቆም የነበረው መንገድ የተቆረጠውን ጫፍ በጋለ ብረት መተኮስ ነበር። ቆዳውም ጡንቻውም ደም ሥሩም አብሮ ያርራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያረረው ሥጋ ሲረግፍ ደሙ እንደገና ይፈስሳል፤ ብረቱም እንደገና ይግላል። ፓሬ ራሱ ለብዙ ዓመታት ይህን ሲያደርግ ኖሯል፤ በኋላ ሲጽፍም ይህን አልሸሸገም።

ደም ሥርን በክር ማሰር ጋለንን የመሰሉ የጥንት ሊቃውንት ለቁስል የጠቀሱት ነገር ነው። የፓሬ ሐሳብ ይህንኑ ለተቆረጠ እጅና እግር ማዋል ነበር። ሐሳቡን ወዲያው በበሽተኛ ላይ አልሞከረውም። በመጀመሪያ በፓሪስ ካሉ የሙያ ባልደረቦቹ ጋር ተወያየበት። እነሱም በመጀመሪያው አጋጣሚ እንዲሞክረው፣ ነገር ግን ክሩ ባይዝ ሰውየው ደሙ ፈስሶ እንዳይሞት የጋሉት ብረቶች በአጠገቡ ተዘጋጅተው እንዲቆዩ መከሩት። አዲስ ነገር ሲፈተን የበሽተኛው ሕይወት መጠበቂያ አስቀድሞ መዘጋጀት እንዳለበት ያኔም የተረዱ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

አጋጣሚው የመጣው በ1552 ዓ.ም. በዳንቪዬ ከበባ ላይ ነው። ከምሽጉ የተተኮሰ መድፍ የሮአን መስፍን ባልደረባ የሆነውን አንድ መኮንን እግሩን መታው፤ መቁረጥም ግድ ሆነ። ፓሬ እግሩን ከቆረጠ በኋላ የደም ሥሮቹን ጫፍ የቁራ መንቁር በሚመስል መቆንጠጫ እየሳበ በድርብ ክር አንድ በአንድ አሰራቸው። ብረቶቹ ሳይነኩ ቀሩ። መኮንኑም ድኖ በእንጨት እግር ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሳይቃጠል በመዳኑም ደስታውን ለሁሉ ይናገር ነበር። ፓሬ ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1564 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቀድሞ ሥራውን ስሕተትነት በግልጽ ተናግሮ ወጌሾች ሁሉ የጋለውን ብረት እንዲተዉ ለመነ። ሰው የራሱን የብዙ ዓመት ሥራ በራሱ ብዕር ሲነቅፍ ማየት በየትኛውም ሙያ ብርቅ ነው።

በዚያው በ1552 ዓ.ም. መጨረሻ ቻርለስ 5ኛ የሜትዝን ከተማ ከበበ። በከተማው ውስጥ የቆሰሉት ወታደሮች በብዛት ይሞቱ ስለ ነበር፣ መድኃኒቱ ተመርዟል የሚል ወሬ ተነዛ። ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ፓሬን ላከ፤ በገንዘብ የተገዛ አንድ የጠላት ወገን መኮንን በሌሊት የጠላትን ሰፈር አሻግሮ አስገባው። በማግሥቱ ፓሬ በምሽጉ ላይ ሲታይ ወታደሮቹ የተቀበሉት እንደ ረዳት ጦር ነበር፤ ብንቆስልም ከእንግዲህ አንሞትም ተባባሉ። ከተማዋም አልተያዘችም። በሚቀጥለው ዓመት በኤዳን ግን ዕድል አልቀናውም። ምሽጉ ሲያዝ ብዙ ቤዛ እንዳይጠየቅበት ልብሱን ከአንድ ተራ ወታደር ጋር ተለዋውጦ ተማረከ። ኋላ ማንነቱ ታወቀና የአንድ የጠላት ጌታ ለዓመታት ያልዳነ የእግር ቁስል አድኖ ያለ ቤዛ ተለቀቀ።

በ1554 ዓ.ም. የቅዱስ ቆዝሞስ ማኅበር ላቲን የማያውቀውን ፀጉር ቆራጭ በአባልነት ተቀበለው። ከንጉሥ ሄንሪ ጀምሮ በተከታታይ ለአራት ነገሥታት አገለገለ። በ1561 ዓ.ም. ፈረስ ረግጦት የግራ እግሩ ሁለቱም አጥንቶች ከጉልበቱ በታች ተሰብረው ቆዳውን ቀድደው ወጡ። ብዙዎችን ሲያክም የኖረው ሰው በተራው ተኛ። አብሮት የነበረውን ወጌሻ እንደ ወዳጁ ሳይሆን እንደማያውቀው ሰው ቆጥሮ ሳይራራ እንዲያክመው ነገረው። ሳያነክስ ዳነ።

እጅና እግራቸውን ያጡትን ወታደሮች ከዳኑ በኋላም አልረሳቸውም። በፓሪስ ይኖር የነበረ፣ ትንሹ ሎረናዊ እየተባለ የሚጠራ አንድ ቁልፍ ሠሪ ጣቶቹ በጥርስና በሽቦ የሚንቀሳቀሱ የብረት እጅ፣ ሲቆሙበት የሚቆለፍ ሲቀመጡ የሚታጠፍ ጉልበት ያለው እግር ሠራለት። ሥዕሎቹንም በመጽሐፉ አትሞ አወጣ። ለድኻው ወታደር የሚሆነውን ተራ የእንጨት እግርም አልተወም። የተቆረጠ እግር ከብዙ ጊዜ በኋላ እንዳለ ሆኖ እንደሚያም ከጻፉት የመጀመሪያዎቹም እሱ ነው።

አሁን ወደ አንድ ደስ ወደማያሰኝ ምዕራፍ እንሸጋገራለን። ንጉሥ ሻርል 9ኛ ቤዞአር የተባለ፣ በፍየል ሆድ ውስጥ የሚገኝ ድንጋይ ከስፔን ተበርክቶለት ነበር። ድንጋዩ የመርዝን ሁሉ ኀይል ይሽራል ይባል ነበርና ዋጋው ከወርቅ አያንስም። ንጉሡ ፓሬን ቢጠይቀው፣ መርዝ ብዙ ዓይነት ስለሆነ ለሁሉም የሚሆን አንድ ማርከሻ ሊኖር አይችልም አለ። ነገሩም ሞት በተፈረደበት ሰው ላይ በመሞከር ሊረጋገጥ እንደሚችል አመለከተ። ሁለት የብር ሳሕን ሰርቆ ስቅላት የተፈረደበት አንድ ወጥ ቤት ተገኘ። መርዙንና ድንጋዩን አብሮ ቢወስድ፣ ቢድንም ነጻ እንደሚወጣ ተነገረው፤ ተስማማ። የሜርኩሪ መርዝ ተሰጠው። ፓሬ በደረሰ ጊዜ ሰውየው እንደ እንስሳ በአራቱ እየዳኸ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ከአፉና ከአፍንጫው ደም እየፈሰሰው ነበር። ዘይት ሊያጠጣው ሞከረ፤ አልረዳውም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ሞተ። ፓሬም ሬሳውን ከፍቶ ጨጓራው በጋለ ብረት እንደ ተተኮሰ ሆኖ አገኘው። ድንጋዩ በንጉሡ ትእዛዝ በእሳት ተጣለ።

ፓሬ እውነቱን ተናግሯል፤ ድንጋዩም ከንቱ ነበር። ነገር ግን በፒዬሞንት ስለ ጥቂት ተራ ወታደሮች ሲጨነቅ ያደረው ሰው፣ ስለ ሁለት ሳሕን ለሚሰቀል ድኻ አንዲት ሌሊት አለማደሩ ቅር ያሰኘናል። ወጥ ቤቱ ተስማምቷል መባሉም አያጽናናንም፤ አንገቱ ላይ ገመድ ያለ ሰው እሺ ማለቱ ምን ዓይነት እሺታ ነው? ይህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ያገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእስረኞች ላይ ሙከራ ያደረጉት የናዚ ሐኪሞች በኑረምበርግ ከተፈረደባቸው በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሰው ልጅ ያለ ነጻ ፈቃዱ የሙከራ መሣሪያ ሊሆን እንደማይገባ በጽሑፍ ተደነገገ።

በሌላው የማስመሰያ መድኃኒት ላይ ግን ፓሬ ሰው አልነካም። የአንድ ቀንዱ እንስሳ ቀንድ የነካው ውኃ መርዛም ፍጥረትን ሁሉ ይገድላል ይባል ስለ ነበር፣ ቀንዱ በተነከረበት ውኃ ውስጥ ጉርጥ ጨመረ። ከሦስት ቀን በኋላ ጉርጡ እንደ ገባ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህና ለመድኃኒትነት ይሸጥ ስለ ነበረው የግብጽ ደረቅ ሬሳ በ1582 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሬሳ ማብላት ሕክምና አለመሆኑን አስረዳ።

የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እነዚህን ሁሉ ዝም ብለው አላዩም። በ1575 ዓ.ም. የሥራዎቹን ሁሉ ስብስብ ሲያሳትም፣ ላቲን የማያውቅ ፀጉር ቆራጭ ያለ እኛ ፈቃድ ስለ ትኩሳት ይጽፋልን ብለው እንዲታገድ ጠየቁ። መጽሐፉ ግን ተሸጠ። ይባስ ብሎም በ1582 ዓ.ም. የሌሎች አገሮች ሊቃውንት እንዲያነቡት ወደ ላቲን ተተረጎመ። ጉርሜለን የተባለው የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ደም ሥርን በክር ማሰር የጥንቶቹን መናቅ ነው ብሎ ሲጽፍበት፣ ሽማግሌው ፓሬ በ1585 ዓ.ም. የዘመተባቸውን ጦርነቶች ሁሉ በተራ እየዘረዘረ መለሰለት። ጉርሜለን በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያነበበውን፣ እሱ በየምሽጉ እየዞረ በዓይኑ ማየቱን አስታወሰው። ከላይ የተረክናቸውን ብዙዎቹን የጦር ሜዳ ታሪኮች ያገኘነው በዚህ ክርክር ምክንያት ነው።

እውነቱን ለመናገር የክሩ ሥራ ወዲያው አልተስፋፋም። ደሙ እየፈሰሰ እያንዳንዱን ደም ሥር ፈልጎ ማሰር ጊዜ ይፈጃል፤ ረዳትም ይጠይቃል። ዣን ልዊ ፔቲ የተባለው ሌላ ፈረንሳዊ በ1718 ዓ.ም. በብሎን የሚጠብቅ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ እስኪያስተዋውቅ ድረስ ብዙ ወጌሾች ወደ ጋለው ብረት መመለሳቸው አልቀረም። ቁስልን የሚያመረቅዘው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ መሆኑን ደግሞ ፓሬ ሊያውቅ አይችልም ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ማከም እንደሚቻል ያሳተመው በ1867 ዓ.ም. ነው።

በ1590 ዓ.ም. የፓሪስ ከተማ በሃይማኖት ጦርነት ሳቢያ በሄንሪ 4ኛ ጦር ተከበበች። ሕዝቡ በረሃብ በየመንገዱ ይወድቅ ጀመር። ዕድሜው ሰማንያ የደረሰው ፓሬ፣ ከበባው እንዲቀጥል ከሚያደርጉት አንዱ የነበረውን የሊዮንን ሊቀ ጳጳስ በአንድ ድልድይ አጠገብ መንገድ ላይ አገኘውና በሕዝብ ፊት አቆመው። በረሃብ የሚሞተውን ድኻ እንዲያስብ፣ ሰላም ካልሆነም ዳቦ እንዲፈልግለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመነው። ሊቀ ጳጳሱ በዝምታ ሰምቶት አለፈ። ከበባው ከጥቂት ቀናት በኋላ ተነሣ። ፓሬ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 20 ቀን በፓሪስ ዐረፈ፤ በቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ቤተ ክርስቲያኑ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በመፍረሱ መቃብሩ ዛሬ የለም። በተወለደበት አገር በላቫል ከተማ ግን ሐውልቱ ቆሟል።